ነርቭ፣ የካንሰር ዕጢ እና ሰፈር፦ ከካዛንቺስ የሚነሣ የምርምር ጥያቄ

መግቢያ

አንዲት ሴት የጡት ካንሰር እንደ ተገኘባት በሰፈር ሲሰማ «ሐሳብ ነው ለዚህ ያበቃት» የሚል አስተያየት ከጎረቤት መሰንዘሩ በአዲስ አበባ የተለመደ ነው። የሕክምና ባለሙያው ይህን አባባል ለረጅም ጊዜ እንደ ተራ ወሬ ሲያልፈው ኖሯል። ባለፉት ሃያ ዓመታት በቤተ ሙከራና በሕሙማን ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ግን ጉዳዩን ከሁለቱም ወገኖች ግምት የተለየ አድርገው አቅርበውታል። በጭንቀት ጊዜ የሚነቃው ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት በካንሰር ዕጢ ላይ ተጽዕኖ እንዳለው የሚያሳየው ማስረጃ እየበረታ መጥቷል። ይሁን እንጂ ማስረጃው የሚጠናከረው በሽታውን በመፍጠር ረገድ ሳይሆን፣ አስቀድሞ የተፈጠረው ዕጢ ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች በሚሰራጭበት ሂደት ላይ ነው።

ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ትልቅ ትርጉም አለው። በሀገሪቱ በሴቶች ላይ ከሚከሠቱት ካንሰሮች ቀዳሚው የጡት ካንሰር ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሕሙማን ወደ ሆስፒታል የሚመጡት በሽታው በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ደረጃ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው። ከመጡም በኋላ በምርመራና በቀዶ ሕክምና፣ በቀዶ ሕክምናና በጨረር ሕክምና መካከል ብዙ ይጠብቃሉ። የጥቁር አንበሳ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የጨረር ክፍል ለብዙ ዓመታት የሀገሪቱ ብቸኛ ማዕከል ሆኖ በመቆየቱ ወረፋው በወራት የሚቆጠር ነበር። ነርቩ ዕጢውን በማሰራጨት ረገድ ድርሻ ካለው፣ ድርሻው የሚገለጠው በዚሁ የመጠበቂያ ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ውጤቱ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠበቅ ሳይሆን በአዲስ አበባ ሊጠና የሚገባው ነው። ለጥናቱ መነሻ ሊሆኑ ከሚችሉት ሰፈሮች አንዱ ደግሞ ካዛንቺስ ነው።

የነርቩ መንገድ

አሜሪካዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ዋልተር ካነን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እንዳስረዳው፣ ሲምፓቴቲክ ሥርዓት አካልን ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ያዘጋጃል። የልብ ምት ይፈጥናል፤ የአየር ቧንቧ ይሰፋል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም ይለቃል። መልእክቱ የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከኩላሊት በላይ የሚገኘው አድሬናል ወደ ደም የሚለቀው አድሬናሊን ሲሆን፣ ሁለተኛው የነርቭ ጫፎች በየአካሉ ውስጥ በቀጥታ የሚያፈስሱት ኖርአድሬናሊን ነው። ለካንሰር ጥናት ይበልጥ አስፈላጊ የሆነው ሁለተኛው ነው፤ የሲምፓቴቲክ ነርቭ ክሮች የደም ሥሮችን ተከትለው ወደ ዕጢው ውስጥ ይገባሉና።

በብዙ የካንሰር ሕዋሳት ላይ፣ በዙሪያቸውም ባሉ የደም ሥርና የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ላይ፣ ኖርአድሬናሊንንና አድሬናሊንን የሚቀበል ቤታ-2 የተባለ ተቀባይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት በማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር በተያዙ አይጦች ላይ ይህን መንገድ ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። በየዕለቱ በጠባብ ቦታ እንዳይንቀሳቀሱ የተደረጉት አይጦች ዕጢ ከሌሎቹ ይበልጥ አደገ፤ አዳዲስ የደም ሥሮችም በዛ ብለው በቀሉበት። ቤታ ተቀባይን የሚያግደው ፕሮፕራኖሎል ሲሰጣቸው ግን ተጽዕኖው ቀረ። በዚህ ሙከራ ጭንቀቱ ዕጢውን ያሳደገው በዚያ ተቀባይ በኩል እንደ ነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጡት ካንሰር ላይ የተደረገው ሙከራ ደግሞ ልዩነቱን ይበልጥ አጠራው። ጭንቀት የደረሰባቸው አይጦች የመጀመሪያ ዕጢ በመጠን ብዙም ሳይለወጥ፣ ወደ ሊምፍ ዕጢዎችና ወደ ሳንባ የተሰራጨው ካንሰር ግን 30 እጥፍ ያህል ጨመረ። ለዚህ ምክንያት ሆነው የተገኙት ማክሮፋጅ የተባሉት የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ናቸው። ኖርአድሬናሊን እነዚህን ሕዋሳት ወደ ዕጢው በብዛት ይስባቸዋል፤ እነርሱም ሰውነትን መከላከላቸውን ትተው ለዕጢው መሰራጫ መንገድ ያመቻቻሉ። እዚህም ላይ ፕሮፕራኖሎል ሥርጭቱን ገትቷል። ይህ ውጤት ለሐኪም ጠቃሚ ማስጠንቀቂያ አለው፤ የዕጢው መጠን አለመለወጡ በውስጡ የሚካሄደው ለውጥ ቆሟል ማለት አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2013 በፕሮስቴት ካንሰር ላይ የታተመው ሥራ ሌላ ነጥብ ጨመረ። ሲምፓቴቲክ ነርቮች ዕጢው ገና ሲበቅል የሚያስፈልጉ ሲሆኑ፣ ለሥርጭቱ ግን ፓራሲምፓቴቲክ ነርቮች የጎላ ድርሻ ታይቶባቸዋል። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንዱን ካንሰር ያስረዳ ግኝት ለሌላው በቀጥታ እንደማይሠራ ነው። በጡት የታየው ለማኅፀን በር ካንሰር ይሠራል ብሎ መደምደም አይቻልም፤ በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ሁለተኛውን ደረጃ የያዘው ደግሞ የማኅፀን በር ካንሰር ነው።

ከአይጥ ወደ ሕሙማን

በሰው ላይ የተገኘው ማስረጃ ጠንካራም ደካማም ጎን አለው። በጠንካራው ወገን የሚቆመው በማኅፀን እንቁልጢ ካንሰር በተያዙ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተደረገው ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው በዚህ ጥናት፣ ማኅበራዊ ድጋፍ ያነሳቸው ሴቶች በቀዶ ሕክምና የወጣው ዕጢያቸው ሲለካ ከፍ ያለ ኖርአድሬናሊን ተገኝቶበታል። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው አባባል በዚህ ረገድ ሊለካ የሚችል ሥነ ሕይወታዊ ጥያቄ ሆኗል። ግኝቱ የሁለት ነገሮችን ዝምድና እንጂ የምክንያትና የውጤትን ግንኙነት እንደማያረጋግጥ ግን ልብ ማለት ይገባል።

ሌላው ማስረጃ የመጣው ፕሮፕራኖሎልን ለሌላ በሽታ ሲወስዱ ከነበሩ ሕሙማን ነው። ጄምስ ብላክ በ1960ዎቹ ለልብ ሕመም የሠራው ይህ መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ካስገኙለት ሥራዎች አንዱ ነው። ከ2008 ወዲህ ደግሞ በሕፃናት ቆዳ ላይ የሚወጣውን ሄማንጂዮማ የተባለ የደም ሥር ዕባጭ ለማከም እየዋለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአየርላንድ የካንሰር መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት፣ የጡት ካንሰር ከመገኘቱ በፊት ፕሮፕራኖሎል ሲወስዱ የነበሩ ሴቶች በሽታቸው በጣም ተስፋፍቶ የመገኘቱ ዕድል ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ። ቤታ-1ን ብቻ የሚያግደው አቴኖሎል ግን ይህን ጥቅም አላሳየም። የሁለቱ መድኃኒቶች ልዩነት ከአይጦቹ ሙከራ ጋር ይስማማል። ሆኖም ፕሮፕራኖሎል ይወስዱ የነበሩት ሴቶች ቁጥር አነስተኛ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የወጡ ተመሳሳይ ጥናቶችም እርስ በርሳቸው አይስማሙም።

በሕሙማን ላይ በዕጣ ድልድል የተካሄዱት ሙከራዎች ጥቂትና ትንንሽ ናቸው። በእስራኤል 38 የጡት ካንሰር ሕሙማን ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ ጀምሮ ለ11 ቀናት ፕሮፕራኖሎልን ከአንድ ፀረ ብግነት መድኃኒት ጋር ወይም አስመሳይ ክኒን እንዲወስዱ ተደርጓል። በአውስትራሊያ ደግሞ 60 ሴቶች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለ7 ቀናት ፕሮፕራኖሎል ወይም አስመሳይ ክኒን ወስደዋል። በሁለቱም ጥናቶች መድኃኒቱን የወሰዱት ሴቶች ዕጢ ውስጥ ከሥርጭት ጋር የሚያያዙ የዘረመል ምልክቶች ቀንሰዋል። ይህ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን የምልክት መቀነስ ዕድሜ ረዘመ ማለት አይደለም። ያን ለማረጋገጥ ብዙ ሕሙማንን ለዓመታት የሚከታተል ሙከራ ያስፈልጋል።

ጭንቀት ካንሰርን ከመነሻው ይፈጥራል የሚለው ሐሳብ ደግሞ ደካማ መሠረት ላይ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመና ከ116 ሺህ በላይ አውሮፓውያንን ያካተተ ትንተና በሥራ ጫናና በካንሰር መያዝ መካከል ዝምድና አላገኘም፤ የጡት፣ የሳንባ፣ የአንጀትና የፕሮስቴት ካንሰር ለየብቻ ሲታዩም ውጤቱ ያው ነበር። ስለዚህ «ሐሳብ ነው ለዚህ ያበቃት» የሚለው አስተያየት ጥናት የደገፈው አይደለም። ታማሚዋን ለበሽታዋ ተጠያቂ ማድረጉ ደግሞ ተጨማሪ ጉዳት ነው፤ በሽታዋን እንድትደብቅና ወደ ሐኪም ዘግይታ እንድትሄድ ሊያደርጋት ይችላል።

ካዛንቺስ ለምን?

የካዛንቺስ ስም የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ» ማለት የኢንቺስ ቤቶች ማለት ነው። ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ የትልልቅ ሆቴሎችና የመሥሪያ ቤቶች ጎረቤት ሆነ። ከነዚህ ሕንጻዎች ጀርባ ግን ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ የቀበሌና የግል ቤቶች ነበሩ። ነዋሪው በዕድር፣ በዕቁብና በጽዋ ማኅበር ለአሥርት ዓመታት ተሳስሮ ኖሯል። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ምክንያት የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ፈርሶ፣ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች የከተማዋ ዳርቻዎች ተዛውረዋል።

ከነዚህ ነዋሪዎች መካከል በሕክምና ላይ የነበሩ የካንሰር ሕሙማን መኖራቸው የሚጠበቅ ነው። መዛወሩ የእነርሱን በሽታ አባብሷል ማለት ግን አይቻልም፤ ይህን የሚያሳይ መረጃ አልተሰበሰበም። በተቃራኒው ከጠባብና ከተጎሳቆለ ቤት ወጥቶ የተሻለ መኖሪያ ያገኘ ሰው ጭንቀቱ ቀሎለት ሊሆን ይችላል። ሊካድ የማይችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአሜሪካው ጥናት በመጠይቅ የለካው ማኅበራዊ ድጋፍ በካዛንቺስ በአጭር ጊዜ ውስጥ ተለውጧል። ቡና የሚጠራራ ጎረቤት፣ በሐዘን የሚቆም ዕድር፣ ወደ ሆስፒታል አብሮ የሚሄድ ሰው በየአቅጣጫው ተበትኗል። ለተመራማሪ እንዲህ ያለ ለውጥ አልፎ አልፎ እንጂ ሁልጊዜ የሚገኝ አይደለም።

ጥያቄው ግን በጥንቃቄ መቅረብ አለበት። ካዛንቺስ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ አይርቅም፤ ገላን ጉራ ግን ከከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ነው። የተዛወረች ታማሚ ሁኔታዋ ቢከፋ መጀመሪያ መጠርጠር የሚገባው ነርቩ ሳይሆን የትራንስፖርቱ ክፍያ፣ የቀረው ቀጠሮና የተቋረጠው ኬሞቴራፒ ነው። እነዚህን ሳይመዘግብ በቀጥታ ወደ ኖርአድሬናሊን የሚሮጥ ጥናት የድህነትን ውጤት የነርቭ ውጤት ብሎ ይሰይማል። በአንጻሩ የመንገዱን ርቀት ብቻ ቆጥሮ የሰውን ብቸኝነት የሚተውም ጥናት ምስሉን ያጎድላል። ሁለቱ መለካት ያለባቸው አብረው ነው።

ምን ይጠና?

ለዚህ ሥራ መነሻ የሚሆን መሠረት በአዲስ አበባ አለ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚገኘው የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከተማዋን ሕሙማን ሲመዘግብ ቆይቷል። የአየርላንዱ ጥናት የተሠራው ይህን በመሰለ መዝገብ ላይ ነው። በመዝገቡ ላይ የቀድሞና የአሁን መኖሪያ፣ የዕድር አባልነት፣ ታማሚዋን ወደ ሕክምና የሚያደርሳት ሰው መኖር አለመኖሩ ቢታከል፣ ከካዛንቺስም ሆነ ከሌሎች ሰፈሮች የተዛወሩትን ካልተዛወሩት ጋር ማነጻጸር ይቻላል።

ሁለተኛው ሥራ በፓቶሎጂ ክፍል ይጀምራል። በሰም ተጠብቀው በተቀመጡ የዕጢ ናሙናዎች ላይ የቤታ-2 ተቀባይንና የሲምፓቴቲክ ነርቭ ክሮችን መጠን በቀለም ምርመራ ማየት ይቻላል። ኖርአድሬናሊንን ራሱን ለመለካት ግን ናሙናው ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንደ ወጣ መቀዝቀዝ አለበት፤ ይህም የማቀዝቀዣና የማያቋርጥ ኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው። ስለዚህ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ቀለል ካለው የመጀመሪያ ደረጃ ቢጀምር ይሻላል።

ሦስተኛው ከቀዶ ሕክምና በፊት ባሉት ቀናት የሚካሄድ ትንሽ የፕሮፕራኖሎል ሙከራ ነው። የአውስትራሊያውን ውጤት እንዳለ ተቀብሎ ለአዲስ አበባ መጠቀም የማይቻልበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 እንዳሳዩት፣ አይጦች በተለመደው የቤተ ሙከራ ሙቀት ሲኖሩ በብርድ ምክንያት ኖርአድሬናሊናቸው ከፍ ይላል፤ ክፍሉ ወደ 30 ዲግሪ ሲሞቅላቸው ዕጢያቸው በዝግታ ያድጋል። ምንም ያልተደረገበት የተባለው የማነጻጸሪያ ቡድን ራሱ በጭንቀት ውስጥ ነበር ማለት ነው። ሰውም እንዲሁ የየሀገሩ መነሻ ደረጃ አለው።

በኢትዮጵያ ይህን መነሻ ከሚለውጡት ነገሮች አንዱ ጫት ነው። በጫት ቅጠል ውስጥ ያለው ካቲኖን ኖርአድሬናሊንን ከነርቭ ጫፎች የሚያስለቅቅ በመሆኑ፣ የሚቅሙ ሕሙማንን ከማይቅሙት ሳይለይ የሚካሄድ ሙከራ ውጤቱን ማመን ያዳግታል። የቡና መጠን፣ የደም ግፊት መድኃኒትና በቂ ማስታገሻ ያልተሰጠው ሕመምም መመዝገብ አለባቸው። ሕመም ብቻውን ሲምፓቴቲክ ሥርዓቱን ያነቃል። በጥናቱ ላይ የሚሳተፉ ሕሙማን ሕመማቸው በሚገባ ሊታከም የሚገባው በቅድሚያ መብታቸው ስለ ሆነ ነው፤ የጥናቱን ጥራት መጠበቁ ተጨማሪ ጥቅም ነው።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

አንደኛው ተቃውሞ የቅድሚያ ጉዳይ ነው። የጨረር መሣሪያ በማይበቃበት፣ የኬሞቴራፒ መድኃኒት በሚጠፋበት ሀገር ስለ ነርቭ መመራመር ቅንጦት ነው የሚሉ አይጠፉም። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ ለመሣሪያ የሚውል ገንዘብ ወደዚህ ይዛወር የሚል ግን የለም። ፕሮፕራኖሎል ባለቤትነቱ ያበቃ፣ በብዙ ሀገሮች የሚመረት ርካሽ መድኃኒት ነው። ትርፍ የሚያገኝበት ኩባንያ ስለሌለም ትልቁን ሙከራ በገንዘቡ የሚያካሂድ የመድኃኒት ድርጅት መጠበቅ ከንቱ ነው። እንዲህ ያለው ጥናት የዩኒቨርሲቲዎች ሥራ ነው። ቀዶ ሕክምናዋን የምትጠብቅ ሴት የምታሳልፋቸው ሳምንታት በርካሽ መድኃኒት ከሥርጭት የሚጠበቁ ከሆኑ፣ ከግኝቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ወረፋው የረዘመበት ሀገር ነው።

ሁለተኛው ስጋት ከተቃራኒው አቅጣጫ ይመጣል፤ ያም መቸኮል ነው። መድኃኒቱ ርካሽና የታወቀ መሆኑ ያለ ሙከራ ለማዘዝ ይገፋፋል። ፕሮፕራኖሎል በአስም ለሚሠቃይ ሰው አደገኛ ነው፤ በስኳር ሕሙማን ላይ የስኳር መውረድ ምልክቶችን ይሸፍናል፤ የልብ ምቱ የዘገየበትንም ይጎዳል። ለካንሰር የሚሰጠው ጥቅም ሳይረጋገጥ እነዚህን አደጋዎች በታማሚ ላይ መጫን አይገባም። ሙከራ ያስፈልጋል የሚባለውም መድኃኒቱ በመድኃኒት ቤት በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

ማጠቃለያ

ሲምፓቴቲክ የነርቭ ሥርዓት በካንሰር ሥርጭት ላይ ያለው ድርሻ በእንስሳት በደንብ ታይቷል፤ በሰው ላይ ደግሞ ለከባድ ጥናት የሚያበቃ ምልክት ተገኝቷል። የቀረውን ለማወቅ ሕሙማን ዘግይተው የሚመጡበት፣ ብዙ የሚጠብቁበትና ሰፈራቸው የሚለዋወጥበት ከተማ የራሱ ጥያቄና የራሱ መረጃ አለው። አዲስ አበባ የሌላውን ሀገር ውጤት ተቀባይ ብቻ ሆና መቅረት የለባትም።

ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ግን የማይጠብቅ ሥራ አለ። ነዋሪዎችን የሚያዛውር የከተማ አስተዳደር አካል በየቤቱ ሲመዘግብ በካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሰው መኖር አለመኖሩን ቢጠይቅ፣ ታማሚውን ከቤተሰቡና ከቅርብ ጎረቤቶቹ ሳይለይ ወደ ሆስፒታል መጓጓዣ በሚገኝበት ቦታ ቢያሰፍር፣ ሆስፒታሉም አድራሻው የተለወጠበትን ታማሚ ቀጠሮ ሳያልፍበት ቢፈልገው፣ የነርቩ ጉዳይ በመጨረሻ እውነትም ሆነ ሐሰት ታማሚው ይጠቀማል። ጥናቱ የነርቩን ድርሻ ካረጋገጠ ለዚህ አሠራር ሌላ ምክንያት ይጨመርለታል፤ ካላረጋገጠም የቀረ ቀጠሮና የተቋረጠ ሕክምና መቀነሱ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።